ሽብልቅ

ውጭ፣ ኳላ ላምፑር፣ ሙቀቱ ያፈላል፤
አስፋልት የረገጠ ጫማ ተጣብቆ ይቀራል።
አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ግን፣ ከመድን ቢሮው ውስጥ፣
ሰው ሹራብ ደርቦ ነው ወረቀት የሚያገላብጥ።

ከሊፍቱ ወጣች ኖርሊዛ፣
ግራጫ ሣጥኗን ይዛ።
ሣጥኑ ሰው አያማም፤ አለቃም አይሸነግል፤
የተነፈሱትን ቆጥሮ ቁጥር ብቻ ነው የሚል።

በተቀመጠ ሰው አፍንጫ ልክ መቆሚያውን ዘረጋች፤
ከመስኮቱም፣ ከኮፒ ማሽኑም ራቅ ያለ ቦታ መረጠች።
«ስምንት ሰዓት ይቆያል፤ እባካችሁ እንዳትተነፍሱበት»
ብላ ሳቀች። የሳቀላት የለም።
ያዛጋ ነበር ሁሉም በያለበት።

ዋይ ሌንግ፣ የካሳ ጥያቄ መርማሪዋ፣ ከጥግ ያለች፣
ከራሷ በላይ ያለውን ቀዳዳ በካላንደር ዘግታለች፤
ከአምናው የቀረ ነሐሴ፣ በፕላስተር የለጠፈችው፣
ዳር ዳሩን ጥቁር አቧራ እንደ ኩል የከፈፈው።
«ከሰዓት ሲሆን» አለቻት «ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስላል፤
ቤቴ ስገባ ይተወኛል። ሐኪሙ ‘ጭንቀት ነው’ ይላል።»
ኖርሊዛ ጻፈች፤
ሐኪሙ ያለውን ሳይሆን፣ «ቤቴ ስገባ ይተወኛል» የሚለውን።

ሥራ አስኪያጁ ሩስላን፣ «ቀዝቃዛ ነው፤ ብርድ ጤና ነው፤
ሠራተኛው ሰንፎ እንጂ አየሩ ምን በደለው?»
ቅዝቃዜና ንጽሕና ከአንድ ማኅፀን አልወጡም፤
ድፍርስ ውሃ በረዶ ቢሆን፣ ድፍርስነቱን አይተውም።

ቁጥሩ በማለዳ አራት መቶ ሃያ ነበር፤
ረፋድ ላይ ስምንት መቶ፣ ደረጃ እንደሚወጣ ሽማግሌ ሲቆጠር፣
ከምሳ መልስ ሺሕን አለፈ፤ አሥር ሰዓት ላይ ሁለት ሺሕ አንድ መቶ፤
ያ ሁሉ የሰው ትንፋሽ ነው፣ መውጫ አጥቶ።

የኛ ሰው ሲተርት፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ፤
እዚህ ግን ከአንዱ የወጣው ይገባል ከሌላው አፍ።
የዋይ ሌንግ የጠዋት ሳል፣ የተላላኪው የነጭ ሽንኩርት ምሳ፣
የሩስላንም ንዴት፣ ከኮርኒሱ በላይ ዞሮ፣ ከየቀዳዳው ሲነሣ፣
ሁሉም የሁሉን ይተነፍሳል። ሐሜት እንኳ እንዲህ አይዳረስም።

ወደ ማሽኑ ክፍል ወጣች፣ ጥበቃው ቁልፍ ሲያመጣላት፤
ጨለማ ነው፤ የከብት ሆድ የሚመስል ነገር የሚያጉረመርምበት።
ከማቀዝቀዣው ሥር ሳህኑ ውሃ አቁሮ አረንጓዴ አብቅሏል፤
ማጣሪያው፣ ነጭ የነበረው፣ የድመት ቆዳ መስሏል።
ከዚያም የውጭ አየር መግቢያ፤ ክንፎቹ ተከድነው፣
በመካከል ሽብልቅ፣ የጎማ ዛፍ እንጨት ነው፤
በቢላ የተጠረበ፣ በመዶሻ የገባ፣
የስድስት ዓመት አቧራ የደረበ እንደ ካባ።

«ይኼማ የኩማራን ነው» አለ ቲካራም፣ ባትሪ እያበራ፤
«አሁን አይፖህ ነው ያለው፤ ዶሮ ያረባል ከልጁ ጋራ።
የጭሱ ዓመት፣ ከባሕር ማዶ ጫካው ሲነድ፣
ፀሐይዋ ብርቱካን መስላ፣ ሕፃን ሽማግሌው ሲያስል በመንገድ፣
ሌሊት ብቻውን መጣ፤ ይኼን በር በእጁ ዘጋና፣
‘ጭሱ እስኪያልፍ ነው፤ ልጆቼ አይታፈኑ’ አለና…»

ጭሱ አለፈ። ዝናብ መጣ። ኩማራን ጡረታ ወጣ።
ሽብልቁን የሚነቅል ግን ስድስት ዓመት ሰው ታጣ።

ኖርሊዛ ቆማ አየችው። በሪፖርቱ ቋንቋ ስም የለውም፤
«የውጭ አየር መግቢያ፦ ዝግ» ይባላል። ፍቅር አይባልም።

መዶሻ ተዋሰች። ሁለቴ መታች። ሽብልቁ ወደቀ።
ክንፎቹ አቃሰቱ፤ ውጭው ወደ ውስጥ ዘለቀ፤
ናፍጣ ናፍጣ፣ ዝናብ ዝናብ፣ የተጠበሰ ሥጋ የሚሸት
የጎዳናው ትንፋሽ ፊቷን ዳበሰው ድንገት።

ታች፣ ሩስላን «ሞቀኝ» አለ፣ ክራቫቱን እያላላ።
ዋይ ሌንግ ሹራቧን አወለቀች፤ አላመነችም፤ ደረበችው መልሳ ኋላ።
ቁጥሩ ወረደ፤ ሺሕ ስምንት መቶ፤ ሺሕ ስድስት መቶ፤ ከዚህ በታች እንዳይሉት
እንደ ለገመች በቅሎ ቆመ፤ ቢጠብቁት ቢጠብቁት።

ቲካራም ስልክ ደወለ። ከወዲያ ዶሮዎች ይንጫጫሉ።
«ሽብልቁን አገኘነው፤ ነቀልነው» አለ።
ሽማግሌው ዝም አለ።
ቆየና፣

«የትኛውን?» አለ።
«እኔ የመታሁት አራት ነው።»